የፕሮሰሰር ካሽን ቦታ ሳያባክኑ መጠቀም

ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ማህደረ ትውስታ ነው። ፕሮሰሰር ከራም (ከዋናው ማህደረ ትውስታ) ወደ ካሹ የሚያመጣው አንድ ባይት ብቻ ሳይሆን ሙሉ የካሽ መስመር ነው፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች 64 ባይት። ሥራው የሚጀምረው ይህ መስመር በባዶ ቦታ እንዳይሞላ ከማድረግ ነው።

በሲ ቋንቋ የጻፋችሁትን ስትራክት (የተለያዩ እሴቶችን በአንድነት የሚይዝ መዋቅር) ተመልከቱ። ቻር (1 ባይት)፣ ዳብል (8 ባይት)፣ ቻር፣ ኢንት (4 ባይት) ብላችሁ ከደረደራችሁ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) በመሃል ክፍተት ስለሚጨምር 24 ባይት ይይዛል። ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ዳብል፣ ኢንት፣ ቻር፣ ቻር ብትሉት ግን 16 ባይት ይበቃዋል፤ አንድ መስመር አራቱን ይይዛል። መጠኑን በሳይዝኦፍ (sizeof) አረጋግጡ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚነበቡትን አባላት ወደ ሌላ ስትራክት አውጧቸው።

ብዙ ፍጥነት የሚጠፋው ማትሪክስ ላይ ነው። 1024 በ1024 የኢንት ማትሪክስ አንዱ ረድፍ 4096 ባይት ነው። 32 ኪሎባይት የሆነ፣ በየምድቡ 8 መስመር የሚይዝ ኤል1 ካሽ (የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ) 64 ምድቦች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር የሚገባውም አድራሻው በሚወስነው አንድ ምድብ ብቻ ነው። 64 ምድብ በ64 ባይት ሲባዛ ያው 4096 ነው፤ ስለዚህ በ4096 ባይት የሚራራቁ አድራሻዎች አንድ ምድብ ይጋራሉ። በዓምድ ቁልቁል ስትወርዱ ታዲያ ሁሉም ረድፍ እዚያው አንድ ምድብ ውስጥ ይወድቃል። ዘጠነኛው መስመር ሲገባ አንዱ ይባረራል፣ ሌሎቹ 63 ምድቦች ሳይነኩ። በረድፍ ሂዱ፤ ካልተቻለ የረድፉን ርዝመት 1040 አድርጉት። ትርፎቹ 16 ኢንቶች ረድፎቹን ወደ ተለያዩ ምድቦች ይበትኗቸዋል።

ዳታን አጠጋግቶ ማስቀመጥ የሚጎዳበት ቦታም አለ፦ የተለያዩ ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) የሚጽፉባቸው ቆጣሪዎች። አንድ መስመር ከተጋሩ መስመሩ ከአንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል) ወደ ሌላው ኮር ሲመላለስ ይውላል። እዚህ ላይ ቦታ አትቆጥቡ፤ እያንዳንዱን ቆጣሪ በ64 ባይት ወሰን ላይ አስጀምሩት።