ከገበሬው በቀጥታ ስትገዙ ትዕዛዙ ከለቀማ በፊት ይድረስ

የአካባቢያችሁን ገበሬ ለመደገፍ አልፎ አልፎ ሄዶ ከመግዛት ቋሚ ትዕዛዝ ይበልጣል። ገበሬውን በጣም የሚጎዳው ገዢው ሳይታወቅ የተለቀመ ምርት ነው። ጎመንና ሰላጣ ከተቆረጡ በኋላ በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠወልጉ፣ በተገኘው ዋጋ ለደላላ ለመልቀቅ ይገደዳል።

8 ወይም 10 ቤተሰብ ሆናችሁ ተሰባሰቡ። አንድ ሰው የሁሉንም ፍላጎት በኪሎ ይመዝግብና ዝርዝሩን ከለቀማው 2 ቀን ቀድሞ ያድርስ። ከቻላችሁ የክፍያውን ከፊል በዘር ወቅት ስጡ፤ ያኔ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። ሰብሉን በረዶ ወይም ተባይ ቢመታው ኪሳራውን እንዴት እንደምትካፈሉ ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው እዚች ላይ ነው።

ለቀማው በማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይከር ይሁን። ቲማቲም በጆንያ አይጫን፤ ከታች ያለው ይፈርጥና ጭማቂው ደህናውንም ያሻግተዋል። ዝቅ ባለ ሳጥን ውስጥ ከ2 ወይም 3 ድርብ ሳይበልጥ፣ የግንዱ መያዣ ወደ ታች ሆኖ ይደርደር።

ምርቱ ቤት ሲገባ አትጠቡት፤ ማጠብ ልትሠሩበት ስትሉ ነው። ድንች ጨለማና ነፋሻ ቦታ፣ ከሽንኩርት ተለይቶ ይቀመጥ። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ሆድም ያማል። ጠማማ ካሮት ሲመጣ ደግሞ እባካችሁ አትመልሱ፤ ጣዕሙ ከቀጥተኛው አይለይም፣ ለገበሬው ግን ያው ድካም የፈጀ ኪሎ ነው።