ቱርቦ የምትገጥሙ፣ የፋሻውን ክፍተት ለኩ

ሞተር አስወርዳችሁ በቱርቦ ጉልበት ልትጨምሩበት ካሰባችሁ፣ እባካችሁ የፒስተን ፋሻውን (ፒስተኑን የሚከብበውን፣ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠውን የብረት ቀለበት) የጫፍ ክፍተት ሳትለኩ አትግጠሙ። ቱርቦው አየር በጫነ ቁጥር ሙቀቱ ያይላል፣ ፋሻውም ይለጠጣል፤ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ይጋጠሙና ሲሊንደሩን ይቧጭራሉ፣ ሲብስም የፒስተኑን ጠርዝ ገንጥለው ይጥሉታል። ትንሽ ቢሰፋ ግን ጥቂት ጋዝ ያሳልፋል እንጂ ሞተር አይገድልም።

ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉት፣ ከዚያ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት መለኪያዎች) ለኩ። እንደ ቶዮታ 2ጄዜድ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊሜትር በሆነ ላይ፣ የላይኛው ፋሻ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይፈልጋል፤ የመጨረሻውን ቁጥር ግን ከፒስተኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ይወስናል። ክፍተቱ ጠቦ ለማስፋት ፋሻውን ስትሞርዱ ከአንዱ ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ደግሞ እያንዳንዱን ፋሻ በሚገባበት ሲሊንደር ለኩት፣ መካኒኩ «ሁሉም እኩል ነው» ቢላችሁም።