ነጩ ልብስ ደርሷል፣ ልጁስ? ለመጀመሪያ ቁርባን ስናዘጋጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሬ ፀሐይ ሳይከር፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድረን ልጆች እናስተምራለን። ለመጀመሪያ ንስሐና ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ናቸው። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት። እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ እንጂ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ግን በየዓመቱ ያው ስህተት ሲደጋገም አያለሁ። ግማሹን ራሴም ሠርቼዋለሁ።

"ትምህርት ቤቱ ያስተምረው የለ?"

አንዲት እናት ልጇን በባጃጅ አምጥታ በር ላይ ታወርደዋለች። ባጃጁ ሞተር እንኳ አያጠፋም። አንድ ቀን ደረስኩባትና "ማታ ማታ ትንሽ አብራችሁ ጸልዩ እንጂ" አልኳት። "የሚሲዮን ትምህርት ቤት አይደል እንዴ የሚማረው? ታዲያ ያን ሁሉ ክፍያ ለምንድን ነው የምከፍለው?" አለችኝ። ልጁን ጠየቅኩት። "ቲቸር፣ እኛ እኮ ግብረ ገብ ነው የምንማረው" አለ።

ልጁ ልክ ነው። ድሬም ሆነ ሐረር፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ አንድ ዴስክ ላይ ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጣል ይላል። ክፍል ውስጥ ለቁርባን የሚያዘጋጅ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሐረር ላይ ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን እንዲያስተምሩላቸው አደራ ያሉት ፈረንሳዊውን የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶን ነበር። አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንም አስተማሯቸው። ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛውን ተማሩ፤ ኦርቶዶክስ ሆነው አደጉ፣ ኦርቶዶክስ ሆነው ነገሡ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥንትም ሥራው ማስተማር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ምንም አይረዳም ማለቴ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ እንዳይደርብብን መነጋገር ይቻላል። አንዷ ሲስተር በእረፍት ሰዓት "ቅዳሜ ሄድሽ?" ብላ ስትጠይቅ ከኔ ምክር ይልቅ ይሠራል። ግን የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖና 914፣ ልጆችን ለቁርባን የማዘጋጀቱን ኃላፊነት ሲዘረዝር በመጀመሪያ የሚጠራው ወላጆችን ነው። ከዚያ በወላጅ ቦታ ያሉትን፣ ከዚያ ቆሞሱን፣ ማለትም የቁምስናውን (የአጥቢያውን) ኃላፊ ካህን። እኛ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል። ቤተሰብ ለትምህርት ቤት ይተወዋል፣ ትምህርት ቤት ለቁምስናው፣ ቁምስናው ደግሞ "ቤት ያስጠኑታል" ብሎ ያስባል። ልጁ በመሀል ባዶውን ይመጣል።

ሸምድዶ ማለፍ

ይህ የኔ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ፈተና አወጣሁ። ሰባቱ ምሥጢራት፣ አሥርቱ ትእዛዛት፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ከመቶ ማርክ ሰጠሁ።

አንዱ ልጅ ጎበዝ ነበር። አባታችን ሆይን በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። "'የዕለት እንጀራችንን ስጠን' ስንል ምንድን ነው የምንለምነው?" አልኩት። አሰበ። "እማዬ ሳቢያን ሱቅ የምትገዛውን" አለ። ሁሉም ሳቀ። አሁን ሳስበው መልሱ መጥፎ አልነበረም፤ ጥሩ ወሬ ይከፍት ነበር። እኔ ግን ለማርኩ ቸኩዬ አለፍኩት።

ሌላዋ ልጅ ከግማሽ በታች አመጣች። ትእዛዛቱ ቅደም ተከተላቸው ይጠፋባታል። እንዲሁ ለመሞከር ያህል "ቅዳሴ ላይ አባ ከፍ አድርገው የሚያሳዩን ምንድን ነው?" አልኳት። "ዳቦ ይመስላል። ግን ኢየሱስ ነው። እኔ ያኔ ዝም ነው የምለው" አለች።

በኔ ፈተና የወደቀችው እሷ ናት።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ የቁርባን ዕድሜን ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ከዚያ በፊት በብዙ አገር ልጆች አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እስኪሆናቸው ይጠብቁ ነበር። ድንጋጌው ሙሉ የሃይማኖት እውቀት አይጠይቅም። ልጁ ቅዱስ ቁርባኑን ከተራ ምግብ ይለይ፣ እንደ አቅሙ ይረዳ፣ በፍቅርና በአክብሮት ይቀበል ነው የሚለው። ያቺ ልጅ ይህን ይዛዋለች።

ጸሎት በቃል አይያዝ አላልኩም። ይያዝ፤ ሲያድግ ይጠቅመዋል። ግን አንድ መስመር ከእራት በኋላ ቢወራበት ይሻላል። ደግሞ የድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ቀላቅሎ ነው የሚያድገው። ቤት ኦሮምኛ የሚያወራን ልጅ በኦሮምኛ ያስረዳችሁ። በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ያለው ልጅ በእናቱ ቋንቋ ጉድ ሊያሰኛችሁ ይችላል።

"ቆይ ለአባ እነግርልሃለሁ!"

ኑዛዜን ማስፈራሪያ ማድረግ። በጣም የተለመደ ነው። ልጁ ብርጭቆ ይሰብራል፣ "ቆይ፣ አባ ጋ ስትሄድ ታያለህ" ይባላል። ከዚያ የንስሐው ቀን ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ይላል። ምን ይበል?

አንድ ዓመት ለመናዘዝ ከተሰለፉት ልጆች አንዱ ከኪሱ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣ። የእናትየው ጽሑፍ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቁጥር ሁሉ አለው። ጎንበስ ብሎ ያነበንባል። ከዚያ ቀና አለና "ቲቸር፣ ቁጥር አራትን አላደረግኩም። ግን ላንብበው?" አለኝ።

እናትየው ክፉ አይደለችም። ልጇ እንዳይረሳ ብላ ነው። ግን ንስሐው የሱ መሆኑ ቀርቶ የሷ አቤቱታ ሆነ። ወረቀቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩትና "የምታስታውሰውን ብቻ ንገራቸው፣ የረሳኸውን አባ ያግዙሃል" አልኩት።

ሌላው ደግሞ ከወጣ በኋላ ነው። "ምን ብለህ ተናዘዝክ? ምን አሉህ?" አትጠይቁ! ካህኑ የሰሙትን ለማንም፣ ለእናት ለአባትም ቢሆን፣ እንዳይናገሩ ሕጉ በፍጹም ያስራቸዋል። እናንተ ከልጁ አፍ ካወጣችሁት ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚናዘዘው እናንተ ብትሰሙትም ችግር የሌለበትን ብቻ ነው።

የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ከሳምንት በፊት ቦታውን አሳዩት። አባ የት እንደሚቀመጡ፣ እሱ የት እንደሚንበረከክ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ይለማመድ። ከሁሉም በላይ አባትየው ራሱ ተሰልፎ ሲናዘዝ ይየው። በኛ ሥርዓት የመጀመሪያ ኑዛዜ ከመጀመሪያ ቁርባን ይቀድማል፤ ስለዚህ ይህ በር በፍርሃት ከተከፈተ ቀጣዩም ይበላሻል።

አያትን መርሳት

እዚህ አገር ንጹሕ የካቶሊክ ቤት ብርቅ ነው። አባት ካቶሊክ፣ እናት ኦርቶዶክስ፣ ጎረቤት ሙስሊም። አያትየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን የሚያደርሱ። ወላጆች ይህን ዘለው ልጁን ብቻ ያዘጋጃሉ።

አንዲት እማማ ግቢ ድረስ መጥተው ያዙኝ። "ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ። የኛ ልጆች በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ይቆርባሉ። እናንተ ለምንድን ነው ሰባት ዓመት የምታስጠብቁት? ምን አጠፋ?" አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልስም አለው። የሐረር ቪካርያት፣ ማለትም ድሬ ያለችበት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት፣ የላቲን (የምዕራባውያን) ሥርዓት ይከተላል። በላቲን ሥርዓት ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ይጠበቃል። በምሥራቃውያን ዘንድ ጥምቀት፣ ሜሮንና ቁርባን አብረው ለሕፃን የመስጠት ጥንታዊ ልማድ አለ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ልማድ ታከብራለች። የሥርዓት ልዩነት ነው እንጂ የልጁ ጥፋት አይደለም። እማማ ገባቸው። ወላጆቹ ቀድመው ቢነግሯቸው ኖሮ እኔ ጋ አይመጡም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ከባድ ስህተት አለ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀን ልጅ ዝም ብሎ አምጥቶ "ክርስትና ይነሳልኝ" ማለት። ጥምቀቱ ጥምቀት ነው፣ ሜሮኑም ሜሮን ነው። አይደገምም። ስለዚህ እንደዚህ ዓይነት ልጅ ካላችሁ ገና ከምዝገባው ለቆሞሱ በግልጽ ንገሩ፤ መንገዱ ሌላ ነው። ባልና ሚስትም ጓዳ ገብታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በልጅ ላይ ገመድ ጉተታ አይያዝም።

ጾሙም እዚህ ይገባል። በኦርቶዶክስ ልማድ ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። በኛ ግን ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት፤ ውኃና መድኃኒት አይከለከሉም። አንዷን ልጅ አያቷ ከዋዜማው ጀምረው አስጾሟት፣ በዚያ የድሬ ሙቀት ስብከቱ ሳያልቅ ልጅቷን አዞራት። ተደግፋ ወጣች። በሌላ ዓመት ደግሞ አንዱ ሰልፍ ላይ ቆሞ ፈጢራ ሲገምጥ ያዝነው፣ እጁ በዘይት ርሷል። ሁለቱም ልጆች ምንም አላጠፉም። ሰዓቱን የነገራቸው የለም።

ልብሱ

ብዙ አልልም። ስለ ጫማው፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ኬኩ ሁለት ወር ተወርቶ ስለ ቁርባኑ አንድ ማታ አይወራም። ነጭ ልብስ የጥምቀት ልብስ ትዝታ ነው፤ ለልጁ ይህን ንገሩት፣ ደስ ይለዋል። ግን ከደህናው ሰፈር ከከዚራ ልጅ ጎን አቅም ካነሰው ከገንደ ቆሬ የመጣችም ልጅ አለች። ወላጆች ተሰብስባችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀላል ነጭ እንዲለብሱ ብትስማሙ፣ "እኔ ልብስ የለኝም" ብሎ የሚቀር ልጅ አይኖርም። እንዲህ ብሎ የቀረ አውቃለሁ።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ

ወረቀት ነው። ልጁ የተጠመቀው አዲስ አበባ ወይም አዋሽ ከሆነ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱ ከዚያው ቁምስና መዝገብ ነው የሚወጣው። ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጠይቁ። በመጨረሻው ሳምንት "አባ ያውቁኛል" አይሠራም፤ አባ ቢያውቋችሁም መዝገቡ አያውቃችሁም።

የክርስትና አባትና እናትም እንዲሁ ነው። ለሜሮን ሲደርስ (በላቲን ሥርዓት ከጥምቀት በኋላ ለብቻው ነው የሚሰጠው) የሚቆመው ሰው 16 ዓመት የሞላው፣ ራሱ ሜሮን የተቀበለ ካቶሊክ መሆን አለበት። አባትና እናት መሆን አይችሉም። የሚመከረው የጥምቀቱ የክርስትና አባት ቢቀጥል ነው። ሰዓት የሚገዛለትን አጎት ከመፈለግ በፊት ይህን አጣሩ።

እንደ ምረቃ ቆጥሮ መጥፋት

ቁርባኑ ተፈጸመ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሀለዋውና ሙሸበኩ ተበላ። በሚቀጥለው እሑድ አግዳሚው ባዶ ነው። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያመጣው ስለጠፋ ነው። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ዋና መንገድ ተሻግሮ ብቻውን አይመጣም።

ባለፈው ዓመት አንዱ ግን መጣ፣ ከታላቅ እህቱ ጋር፣ በሰማያዊ ቲሸርት። ቅዳሴው ሊጀመር ሲል እጅጌዬን ያዘኝ።

"ቲቸር፣ ዛሬም ይሰጡኛል? ወይስ አንዴ ብቻ ነው?"

"ዛሬም። በየሳምንቱ" አልኩት።

ቲሸርቱን ቁልቁል አየ። "ታዲያ ልብሱን ለምን መለሱት?"