በሳምንት ስምንት ጊዜ ለሚደገም ሥራ መዘጋጀት፦ ለሙዚቃዊ ቲያትር ተዋናይት የሚሆን መመሪያ

ሙዚቃዊ ቲያትር አንዲት ተዋናይት እንድትተውን፣ እንድትዘፍንና እንድትጨፍር በአንድ ጊዜ ይጠይቃታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት ግን ሦስቱን አንድ ምሽት አሳምሮ መሥራትና ሳምንት በሳምንት ደጋግሞ መሥራት የየራሳቸው ዝግጅት የሚፈልጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ትልልቅ ቲያትር ቤቶች በሚገኙባቸው በኒው ዮርኩ ብሮድዌይና በለንደኑ ዌስት ኤንድ የተለመደው መርሐ ግብር በስድስት ቀን ውስጥ ስምንት ትርዒት ማሳየት ሲሆን፣ ከቀኖቹ ሁለቱ የቀንም የማታም ትርዒት አላቸው፤ ተውኔቱ በተመልካች ከተወደደም ይኸው ዑደት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ ተዋናይቷ የምትማረውን ስልት፣ የምትመርጠውን ዘፈንና የምትፈርመውን ውል ሁሉ ስምንተኛውን ትርዒት እያሰበች ብትመዝነው ይበጃታል፤ ከዚህ በታች የቀረበው ምክርም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚገነባው ድምፅ ነው። የድምፅ አውታሮች በማንቁርት ውስጥ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ሲሆኑ፣ ተዋናይቷ በፒያኖው ላይ ከመካከለኛው ዶ ቀጥሎ ያለውን ላ የተባለ ኖታ ስትዘፍን በሰከንድ 440 ጊዜ እየገጠሙ ይለያያሉ። በዚያ ከፍታ ለአንድ ደቂቃ ብትቆይ ከ26,000 ጊዜ በላይ ተጋጭተዋል ማለት ነው። ድምፅ በጉልበት ሲገፋ ግጭቱ ይበረታል፤ ግጭቱ ሲደጋገም አውታሮቹ ያብጣሉ፤ ያበጠው ሳያርፍ ሥራው ከቀጠለ ደግሞ ዕብጠቱ ጠጥሮ እንደ እጅ መጅ ያለ ነገር ይፈጠርባቸዋል። የድምፅ ሥልጠና ዋና ዓላማም ከፍ ያለውንና ብርቱውን ድምፅ በትንሹ ግጭት ማውጣት ነው።

በዚህ ሙያ የሚፈለገው ድምፅ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ለንግግር የቀረበው የደረት ድምፅ፣ ቀለል ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው የራስ ድምፅና ሁለቱን የሚያዋህደው ቅይጥ ድምፅ አሉ፤ በእነዚህ ላይ ቤልት የሚባለው፣ የንግግርን ጥንካሬ ይዞ ከፍ ወዳሉት ኖታዎች የሚዘልቀው ብሩህ አዘፋፈን ይጨመራል። ጀማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚቸኩሉት ወደ ቤልት ነው፤ የሚጎዱትም እዚያው ላይ ነው። እኔ የምመክረው ከደረት ወደ ራስ ድምፅ የሚደረገው መሻገሪያ ያለ መሰበር መሄድ እስኪችል ድረስ ከፍተኛ ቤልት ያለባቸውን ዘፈኖች ማቆየት ነው። የክላሲካል ሥልጠና የግድ ነው ለማለት አይቻልም፤ በ1930 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሮድዌይ ብቅ ያለችው ኤትል መርማን ያለ መደበኛ የድምፅ ትምህርትና ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ ትሞላ ነበር። ይሁንና እርሷ የተለየ ተፈጥሮ የነበራት ሰው ናት፤ ለብዙዎቹ የሚያዋጣው የአውድራ ማክዶናልድ መንገድ ነው። ማክዶናልድ ጁሊያርድ በተባለው የኒው ዮርክ የጥበባት ትምህርት ቤት ክላሲካል ድምፅ ተምራ፣ ከ1994 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ በሙዚቃዊም በንግግር ተውኔትም ቶኒ የተባለውን የብሮድዌይ ትልቅ ሽልማት ስድስት ጊዜ ለመውሰድ በቅታለች።

መምህር ለመምረጥ አንድ ቀላል መፈተሻ አለ። ከትምህርቱ በኋላ ተማሪዋ በተለመደ ድምጿ ስታወራ ንግግሯ ከመግባቷ በፊት ከነበረው የጠራ ወይም ቢያንስ እኩል መሆን አለበት። በየጊዜው ሻክሮ የሚወጣ ከሆነ መምህሩ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ለእርሷ አይሆንም። ለዕለት ማሟሟቂያ ደግሞ በቀጭን የመጠጫ ቱቦ ውስጥ ድምፅ እያሰሙ ከታች ወደ ላይና ከላይ ወደ ታች መንሸራተት እጅግ ይረዳል፤ ቱቦው የሚመልሰው የአየር ግፊት አውታሮቹ ሳይገፈታተሩ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ያደርጋቸዋል። ከትርዒት በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከትርዒትም በኋላ ድምፁን ለማቀዝቀዝ እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ድምፁ ብቻውን ግን ተዋናይት አያደርግም። የዘፈኑ ግጥም የጽሑፈ ተውኔቱ አካል ስለሆነ እንደ ንግግር መጠናት ይኖርበታል። ጥሩው ዘዴ ግጥሙን ስንኝ ሳይለዩ፣ እንደ ደብዳቤ በተራ ዓረፍተ ነገር በእጅ መጻፍ ነው። ቀጥሎ ያለ ዜማ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ገጸ ባሕርይዋ ለማን እንደምትናገር፣ ከሰውዬው ምን እንደምትፈልግና በየትኛው ቃል ላይ ሐሳቧ እንደሚለወጥ ዳር ላይ ምልክት ማድረግ ይከተላል። ሁለተኛው አንጓ የመጀመሪያውን ስሜት የሚደግም ከመሰለ ጥናቱ አላለቀም፤ በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ተከስቷል፤ ያንን ነገር ማግኘት የተዋናይቷ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግጥሙን በምቱ ብቻ መናገር፣ መጨረሻ ላይ ዜማውን መጨመር ነው። ዜማውን አስቀድማ ያጠናች ተዋናይት ቃሉን ከልብ ሳይሆን ከዜማው ልማድ ስታወጣው ይሰማል፤ በሃምሳኛውና በመቶኛው ትርዒት ላይ ደግሞ ልማድ ብቻ ይቀራል።

በጭፈራው በኩል ባሌት፣ ጃዝና ታፕ (በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፈረው) ዋናዎቹ ትምህርቶች ናቸው። ሁሉም ሰው ዋና ጨፋሪ አይሆንም፤ የኮሪዮግራፈሩን (የጭፈራ አቀናባሪውን) ቅንብር ቶሎ መያዝና በሰልፉ ውስጥ ቦታን መጠበቅ ግን ለማንም አይቀርም። ትንፋሽን ለማጠንከር በመሮጫ ማሽን ላይ ቀላል ሩጫ እየሮጡ የሚጠናውን ዘፈን ሙሉውን መዝፈን ይጠቅማል፤ በጭፈራው መካከል የቱ ጋ መተንፈስ እንደሚቻል ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል።

ስለ ኦዲሽን፣ ማለትም ለሚና ስለሚደረገው የመምረጫ ፈተና፣ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ችሎታ ያላቸው ብዙ ሴቶች የሚወድቁት ባልተሰናዱባቸው ትንንሽ ነገሮች ነውና። በመጀመሪያው ዙር የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዘፈን ሳይሆን 16 ወይም 32 ባር (በኖታ ላይ በቋሚ መሥመር የሚለዩ አጫጭር የሙዚቃ ክፍሎች) ነው፤ ይህም ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሄድ ነው። ስለዚህ የሚቆረጠው ክፍል ራሱን የቻለ መነሻና መድረሻ ያለው፣ አንድ ውሳኔ የሚታይበት መሆን አለበት። ተዋናይቷ የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ዘፈኖች፣ ማለትም ዝግ ያለውን፣ ፈጣኑን፣ አስቂኙን፣ የቀድሞውን ዘመንና የአሁኑን የሚወክሉትን በአንድ ማኅደር ይዛ ትገባለች። ዛሬ ብትጠየቅ ልትዘፍነው የማትችለው ዘፈን በማኅደሩ ውስጥ መገኘት የለበትም።

በክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የምታገኘው ወዳጅ ፒያኒስቱ ነው፤ ኖታውን ከዚያ በፊት አይቶት ላያውቅ ይችላል። ወረቀቶቹ በሁለቱም ገጽ ታትመው፣ ገጽ መገልበጡ እንዲቀንስ ተደርገውና ብርሃን በማያንጸባርቅ ሽፋን ገብተው ቢቀርቡለት ይመረጣል። መጀመሪያና መጨረሻው በግልጽ ምልክት ይደረግበት፤ የሚዘለለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሠረዝ፤ የዜማው ከፍታ ለድምጿ ተስተካክሎ ይጻፍ እንጂ ፒያኒስቱ እዚያው እንዲለውጠው አይጠየቅ። ፍጥነቱን ለማሳየት የመጀመሪያውን ስንኝ በለሆሳስ ታንጎራጉርለታለች፤ ጣት ማጮህ በየትኛውም ክፍል እንደ ንቀት ይቆጠራል። ከዚያ ወደ መሐል ሄዳ ቆማ፣ የምታናግረውን ሰው ከመራጮቹ ራስ ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በዓይነ ኅሊናዋ አስቀምጣ ትጀምራለች። ከጨረሰች በኋላ አዘጋጁ «አሁን ደግሞ ተናድደሽ ሳይሆን ፈርተሽ ዝፈኝው» ቢላት፣ የሚፈትነው ድምጿን ሳይሆን ምክር መቀበል መቻሏን ስለሆነ ለውጡ በግልጽ መታየት አለበት። ስትወጣ ምን እንደ ዘፈነች፣ ምን እንደ ለበሰችና እነማን እንደ ነበሩ በማስታወሻ ትያዝ፤ ለሁለተኛ ዙር ብትጠራ በዚያው ልብስ መቅረቧ መራጮቹ እንዲያስታውሷት ይረዳል። ያልተመረጠችበት ምክንያት ከችሎታ ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አብሯት የሚሠራው ተዋናይ ቁመት ወይም የሌሎቹ ድምፅ ቅንብር ሊወስነው ይችላል።

ሚናው ከተገኘ በኋላ የሚመጣው የልምምድ ጊዜ ለወጣት ተዋናይት ከባዱ ነው። ጁሊ አንድሩስ በ1956 «ማይ ፌር ሌዲ» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ ዋናውን ሚና ስትጫወት ገና 20 ዓመቷ ነበር። በልምምዱ ወቅት መዝፈኗ ባያጠራጥርም ትወናዋ ለሚናው አልበቃም ነበር፤ አዘጋጁ ሞስ ሃርት ሌሎቹን ተዋንያን አሰናብቶ ቅዳሜና እሑድን ከእርሷ ጋር ብቻ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት መሥመር በመሥመር ሲሠራ ሰነበተ። አንድሩስ ይህን ጊዜ ኋላ እንደ ትልቅ ባለውለታ ስታነሣው ኖራለች። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው፤ አዘጋጁ ነጥሎ ሲያሠራ መከፋት አይገባም፤ ሥራው እስኪገባት ድረስ ቆማ መቀበል እንጂ። በዚሁ ጊዜ ድምፅን መቆጠብም ያስፈልጋል፤ አንድ ትዕይንት ለእንቅስቃሴ ብቻ አሥር ጊዜ ሲደገም ዘፈኑን በለስላሳው ወይም ዝቅ አድርጎ መዝፈን በሙያው የተፈቀደ ነው፤ ለሙዚቃ መሪው አስቀድሞ መንገር ግን ተገቢ ነው። ማይክሮፎኑ ብዙውን ጊዜ በፀጉር መነሻው ላይ፣ በዊጉ ሥር ስለሚደረግ ጩኸት አይጠይቅም፤ ያልጠራ ተነባቢ ፊደልን ግን ማይክሮፎን አያጠራውም።

ትርዒቱ ከተከፈተ በኋላ ሕይወት በሙሉ ወደ ምሽቱ ያዘነብላል። እንቅልፍ ከሁሉ ይቀድማል። የሚጠጣው ውኃ የድምፅ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካቸውም፤ በጉሮሮ ወርዶ በደም በኩል ስለሚደርሳቸው መጠጣት የሚገባው ከጠዋት ጀምሮ ነው። በቀጥታ የሚያረጥባቸው የውኃ እንፋሎት ብቻ ነው። ድምፅ ሲደክም ማንሾካሾክ ያሳርፋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ዝም ማለት ይሻላል። በወር አበባ ሰሞን አውታሮቹ ማበጥና በቀላሉ መድማት ስለሚችሉ በእነዚያ ቀናት አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳይጠይቁ አለመውሰድ ይመረጣል። ሻካራነት ከሁለት ሳምንት ካለፈ የዘፋኞችን ድምፅ የሚያውቅ የጉሮሮ ሐኪም ጋ መቅረብ የግድ ነው፤ አውታሮቹ ጤነኛ ሳሉ አንድ ጊዜ ታይተው ምስሉ ቢቀመጥ ደግሞ ኋላ ለማነጻጸር ይረዳል።

አንዳንድ ሚና ደግሞ ስምንት ጊዜ የማይዘፈን ነው። «ኤቪታ» በ1979 ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት ፓቲ ሉፖን የማታዎቹን ስትጫወት የቀኖቹን ትርዒቶች የምትጫወተው ሌላ ተዋናይት ነበረች። ስለዚህ በሚናው ክብደት ላይ መነጋገር የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ከውሉ በፊት የሚነሣ የሥራ ጉዳይ ነው። ለዚሁ ሲባል ተተኪ ተዋናዮችና የብዙዎቹን የኅብረት ተዋንያን ቦታ አጥንተው የሚጠባበቁ ስዊንግ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እነዚህ ሥራዎች ቢሰጧት ጀማሪዋ በደስታ ትቀበላቸው። በ1981 ለንደን ላይ «ካትስ» ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ጁዲ ዴንች በልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶ ስትወጣ፣ ቦታውን ኢሌን ፔጅ ተረክባ በዚያው ሚና ታወቀች።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ ትርዒት በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ስለሚችል በሥራ ላይ ካሉበት ሳምንት ክፍያ ለባዶው ወራት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ውልን ያለ ሙያ ማኅበር ምክር መፈረምም አይገባም። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በ1913 የተመሠረተው ተዋንያን ያለ ክፍያ ለሳምንታት ይለማመዱ፣ በየከተማውም ተጥለው ይቀሩ ስለነበረ ነው።

ረጅም ዕድሜ በዚህ ሙያ የሚገኘው ግን ራስን ደጋግሞ በማደስ ነው። አንድሩስ በመድረክ የፈጠረችው የ«ማይ ፌር ሌዲ» ሚና፣ ተውኔቱ በ1964 ፊልም ሲሆን ለሌላ ተዋናይት ተሰጠ፤ በ1997 የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ የመዝፈን ድምጿን ብታጣም በትወናና በመጻፍ ቀጥላለች። ቺታ ሪቬራ በ1986 በመኪና አደጋ እግሯ ክፉኛ ተሰባብሮ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በ60 ዓመቷ በሙዚቃዊ ተውኔት ዋና ተዋናይትነት ቶኒ ወሰደች፤ ተመልሳ የጨፈረችው እግሯ በሚችለው ልክ በተቀናበረ ጭፈራ ነበር። አንጄላ ላንስበሪ ደግሞ የመጀመሪያ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔቷን የሠራችው በ1964፣ ወደ 40 ስትቃረብ ነው። ስለዚህ ተዋናይቷ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከመምህሯ ጋር ተቀምጣ ማኅደሯን ገጽ በገጽ ትመርምር፤ ለዕድሜዋ የማይሆኑትን የልጃገረድ ዘፈኖች ታውጣ፤ እየወፈረ የመጣው የታችኛው ድምጿ የሚያምርባቸውን የእናት፣ የመበለት፣ የአለቃ ሚናዎች ዘፈን ታስገባ፤ አዲሶቹንም በሥራ ላይ ባለችበት ወቅት፣ ኦዲሽን ሳይጠራ ታጥናቸው።