አረጋዊ መሪን ከሩቅ «ጃጅቷል» ከማለታችን በፊት

ሥራዬ የአረጋውያንን አእምሮ መመርመር ነው። አንድ በዕድሜ የገፋ መሪ መድረክ ላይ በተደናቀፈ ቁጥር ወዳጅ ዘመድ የሃያ ሰከንድ ምስል ይልክልኝና «ጃጅቷል አይደል?» ይለኛል። መልስ አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥ አንድ ጊዜ በደንብ ልናገር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ስህተት ይኸው ከተቆራረጠ ምስል በሽታ ማንበብ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ይናገራል፣ ይፈርማል፣ ይከራከራል። ከዚያ ሁሉ መካከል ስም የተሳሳተባት ቅጽበት ብቻ ተለቅማ ትደርሰናለች። የለቀማት ደግሞ ሐኪም ሳይሆን ተቃዋሚው ነው። ደጋፊው በፈንታው ከወረቀት የተነበበ ጥሩ ንግግር መርጦ ይልካል፤ ያም ቢሆን ምንም አያስረዳም። ስም ማምታታት፣ ቃል እየፈለጉ ማመንታት፣ ቀስ ብሎ መራመድ በጤናማ እርጅና ውስጥ በየቀኑ የማያቸው ነገሮች ናቸው። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ፍጥነትን ነው፤ የቃላት ሀብትና ለዓመታት የተጠራቀመ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ጆ ባይደን ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበር። ይህን የማያውቅ ተመልካች የቆየውን መንተባተብ ከአዲስ ለውጥ በምን ይለያል? አዲስ ለውጥ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ለውጥ የሚታወቀው ሰውየው ከትናንትናው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር እንጂ ከጎረምሳ ተፎካካሪው ጋር ሲነጻጸር አይደለም እያልኩ ነው።

በዚህ ስህተት የሙያ ባልደረቦቼም ወድቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለ12,356 የአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ልኮ፣ የፕሬዚዳንትነት ዕጩው ባሪ ጎልድዋተር ለሥልጣኑ ብቁ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። 2,417 መለሱ፤ ከእነዚህም 1,189ኙ ብቁ አይደለም አሉ። ሰውየውን መርምረው አልነበረም። ጎልድዋተር መጽሔቱን ከስሶ 75,000 ዶላር አስፈረደ፤ በምክር ቤት አባልነትም እስከ 1987 አገለገለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ያወጣው ደንብ የመጣው ከዚህ ታሪክ ነው፦ ራስህ ስላልመረመርከውና ፈቃዱን ስላልሰጠህ የአደባባይ ሰው የሙያ አስተያየት አትስጥ ይላል። አንዳንዶች ደንቡ አፍ ይዘጋል ብለው ይነቅፉታል። እኔ እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም መርምሬ እንኳ ተሳስቻለሁ።

ከዓመታት በፊት ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ጥያቄ ስጠይቃቸው ሌላ ይመልሳሉ፤ ሌሊት ሌሊት የሌለ ሰው ያነጋግራሉ። የመርሳት በሽታ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሐኪም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አገኘባቸው፤ በዚያ ላይ ጠንከር ያለ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ኢንፌክሽኑ ታከመ፣ መድኃኒቱ ቆመ፣ ሰውየው ተመለሱ። ክፍሌ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ምስክር ሳትሰሚ ነው የፈረድሽብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ልጃቸውን «ይህ መቼ ጀመረ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ «ባለፈው ሐሙስ» ትለኝ ነበር።

የመርሳት በሽታ ሐሙስ ዕለት አይጀምርም። በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የተለወጠ አረጋዊ ሲያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ ኢንፌክሽን፣ መድኃኒት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ስትሮክ ፈልጉ። መስማቱንም አጣሩ፤ ጥያቄው ያልተሰማው ሰው የሚሰጠው መልስ ከተምታታበት ሰው መልስ አይለይም።

ዕድሜውን ብቻ እንደ ማስረጃ መቁጠር ደግሞ ብዙ ማብራሪያ የማይፈልግ ስህተት ነው። ኮንራድ አደናወር ከምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥትነት የወረደው በ87 ዓመቱ ነው።

ስለ ምርመራ ውጤትም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 የዶናልድ ትራምፕ ሐኪም ፕሬዚዳንቱ በሞንትሪያሉ የግንዛቤ ምዘና ከ30 ነጥብ 30 አገኙ ብሎ ሲያስታውቅ ግማሹ ሰው ጨበጨበ፣ ግማሹ አላመነም። ሁለቱም ምዘናው ምን እንደሚለካ አልጠየቁም። ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚወስድ ማጣሪያ ነው፦ ሰዓት መሣል፣ የእንስሳት ሥዕል አይቶ ስማቸውን መጥራት፣ ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድ፣ አምስት ቃላት ይዞ ቆይቶ መድገም። 26 እና ከዚያ በላይ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ብዙ የተማረ ሰው በሽታው ጀምሮትም ቢሆን ሊያልፈው ይችላል። ደግሞስ ሰዓት መሣል የቻለ ሁሉ የጦርነትን ጉዳይ መመዘን ይችላል ያለው ማን ነው?

መርሳትን ብቻ መፈለግም ያስታል። የአንጎልን የፊት ክፍል የሚያጠቃ በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የሚያበላሸው ትውስታን ሳይሆን ጠባይን ነው። ይሉኝታ ይጠፋል፣ ለሰው ማዘን ይቀራል፣ ያሰቡት ሁሉ ወዲያው ይደረጋል። ታካሚው ስሞችንና ቀኖችን አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ ባለጌ የነበረ ሰው ዛሬም ባለጌ ቢሆን በሽታ አይደለም፤ እዚህም የሚመዘነው ከራሱ ጋር ነው።

በአንድ ጥሩ ቀን መታለልን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በጥቅምት 1919 እ.ኤ.አ. ከባድ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። በታኅሣሥ ሁለት የምክር ቤት አባላት ሁኔታውን ሊያጣሩ መኝታ ክፍሉ ገቡ። የማይንቀሳቀሰው ክንዱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ጠበቃቸው፤ ሰውየው ተጫወተ፣ ተከራከረ፤ ረክተው ወጡ። ባለቤቱ ኢዲትና ሐኪሙ ግሬይሰን እሱ ዘንድ የሚገባውንና የሚወጣውን እየተቆጣጠሩ ሥልጣን ዘመኑ እስኪያበቃ እስከ መጋቢት 1921 ዘለቁ። ግሬይሰን መሥራት አይችልም ብሎ እንዲመሰክር ተጠይቆ አሻፈረኝ ብሏል። በእኛም ታሪክ የዳግማዊ ምኒልክ ሞት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል።

የቅርብ ሰው ይደብቃል ብሎ ፍርዱን በሙሉ ለሐኪም ማስረከብ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። ኅዳር 7 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን አሊ ሰባት ሐኪሞች የፈረሙበትን ወረቀት ይዞ የ84 ዓመቱን ፕሬዚዳንት ቡርጊባን ከሥልጣን አወረደ። ሐኪሞቹ የፈረሙት በዚያች ሌሊት ሰውየውን ሳይመረምሩ ነበር። የቡርጊባ ጤና በእርግጥ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን የሕክምና ማስረጃ አልነበረም። በ1967 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 25ኛ ማሻሻያ በአንቀጽ አራቱ ውሳኔውን ለምክትል ፕሬዚዳንቱና ለካቢኔው አብላጫ ድምፅ ሲሰጥ ስለ ሐኪም አንድም ቃል አይናገርም። ትክክል ይመስለኛል። እኔ በሽታ አለ የለም ማለት እችላለሁ፤ አገር መምራት ይችላል አይችልም የሚለው ግን ከምርመራ ክፍሌ ይሰፋል። በሽታ እያለበት በደንብ የሚሠራ ሰው አለ፣ በሽታ ሳይኖርበት የማይሠራም አለ።

የሚጠይቀኝ ወገን ቢኖር፣ ምስል ሳይሆን ቃለ ጉባኤ አምጡልኝ እል ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ስብሰባ ላይ የተናገረውንና ባለፈው ወር የተናገረውን፣ ሳይታረም፣ ጎን ለጎን። ከዚያም አስተርጓሚውን፣ ጸሐፊውን፣ ሰነድ የሚያመላልሰውን ሰው ለየብቻ አስቀምጬ አንዲት ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፦ ድሮ እሱ ራሱ ይሠራው የነበረ፣ ዛሬ ግን ሳይነገረው ሌላ ሰው የሚሠራለት ነገር ምንድን ነው? መቼስ ጀመረ?