ስለ እስያ ባለ ክብረ ወሰን ሕንፃዎች ስንጽፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የድንቃድንቅ ዓምድ አዘጋጅ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከመጻፍ ይልቅ የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ነው የኖርኩት። ዱባይ፣ ኩዋላ ላምፑር ወይም ሻንጋይ በተነሣ ቁጥር የሚገጥሙኝ ስህተቶች ከመመሳሰላቸው የተነሣ፣ ገና ርእሱን ሳነብ ቀይ እስክሪብቶዬ የት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሰለቸኝ «የዓለም ረጅሙ ሕንፃ» ብሎ ከየት እስከ የት እንደተለካ ሳይናገሩ ማለፍ ነው። አንድ ሕንፃ እስከ ንድፉ የመጨረሻ ጫፍ ሊለካ ይችላል፤ ሰው እስከሚገለገልበት የመጨረሻ ወለል ሊለካ ይችላል፤ አንቴናውን ጨምሮም ሊለካ ይችላል። ይህ የመሐንዲሶች ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. በ1996 የሆነውን ይመልከት። የማሌዥያዎቹ ፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች 88 ፎቅ ሲኖራቸው የቺካጎው ሲርስ ታወር 110 ነበረው፤ ሰው የሚሠራበት የመጨረሻ ወለሉም ከፔትሮናስ ከፍ ይል ነበር። ሆኖም በጉዳዩ ላይ ዳኛ የሆነው ዓለም አቀፉ የረጃጅም ሕንፃዎች ምክር ቤት፣ ሹሉ ጫፍ የንድፉ አካል ስለሆነ ይቆጠራል፣ አንቴና ግን ሊነቀልና ሊተከል የሚችል መሣሪያ ስለሆነ አይቆጠርም በማለት ክብረ ወሰኑን 451.9 ሜትር ለሚለኩት ለፔትሮናሶች ሰጠ። ቺካጎዎች ቅር ተሰኙ፤ ምክር ቤቱም የመለኪያ ዘርፎቹን ለያይቶ አስቀመጠ።

ይህንኑ በቡርጅ ኸሊፋ ላይ እንሞክረው። ቁመቱ 828 ሜትር ነው፤ ሰው የሚገለገልበት የመጨረሻ ወለሉ ግን 585 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው 240 ሜትር የሚያህል ቁመት ማንም የማይኖርበትና ማንም የማይሠራበት ሹል ጫፍ ነው። 632 ሜትር የሚረዝመው ሻንጋይ ታወር በዚህ መለኪያ 583 ሜትር ይደርሳል፤ 196 ሜትር የነበረው ልዩነት ሁለት ሜትር ያህል ቀረ ማለት ነው። በ678.9 ሜትር የሁለተኛነቱን ስፍራ የያዘው የኩዋላ ላምፑሩ መርደካ 118 እንዲያውም በመጨረሻው ወለል ከተለካ ከሻንጋይ ታወር በብዙ ያንሳል። ጸሐፊው የትኛውን መለኪያ እንደመረጠ ለመናገር አንድ ሐረግ ይበቃዋል፤ ይህችን ሐረግ ግን ስለምን እንደሚሰስታት እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ጊዜ «ጎብኚው 828 ሜትር ቁልቁል እያየ» የሚል ዐረፍተ ነገር አምልጦኝ ታትሞ፣ ዱባይ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከፍተኛው የጎብኚዎች መመልከቻ 148ኛ ፎቅ ላይ፣ ማለትም 555 ሜትር ላይ መሆኑን እየደወሉ ነግረውኛል። አብዛኞቹ የወጡበት ሰዎች ስለነበሩ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሕንፃንና ማማን ማምታታትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቶኪዮ ስካይትሪ 634 ሜትር በመሆኑ ከሻንጋይ ታወር በሁለት ሜትር ይበልጣል፤ በሕንፃዎች ዝርዝር ውስጥ ግን ቦታ የለውም፤ ምክንያቱም ሕንፃ ለመባል ቢያንስ የቁመቱ ግማሽ ሰው የሚገለገልባቸው ወለሎች ሊሆን ይገባል።

የሐውልት ነገር አጭር ነው፦ አንዱን ከነመቆሚያው፣ ሌላውን ያለ መቆሚያው አታወዳድሩ። ሕንድ ውስጥ በጉጃራት ግዛት የቆመው የሳርዳር ፓቴል ሐውልት 182 ሜትር ሲሆን፣ የቻይናው የስፕሪንግ ቴምፕል ቡድሃ 208 ሜትር የሚባለው ከነመቆሚያው ነው፤ ቡድሃው ራሱ 128 ሜትር ነው።

የራሳችን ብቻ የሆነው ስህተት ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። ቡርጅ ኸሊፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2010፣ በእኛ ታኅሣሥ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። «በ2010 ዓ.ም. ተመረቀ» ተብሎ ሲጻፍ ሕንፃው ስምንት ዓመት ያህል ዘግይቶ ይወለዳል፤ አንባቢውም በዚያ ዓመት ዱባይ ሠርቶ የተመለሰ ከሆነ ጽሑፉን አጥፎ ያስቀምጠዋል።

ጫማንና ሜትርን መለዋወጥ ያን ያህል የሚደጋገም አይደለም፤ ሲደርስ ግን አይረሳም። አንድ ትጉህ ጀማሪ ቡርጅ ኸሊፋን 2,717 ሜትር አድርጎ አቅርቦልኝ ነበር። ቁጥሩ በጫማ ትክክል ነው፤ በሜትር ከሆነ ግን ዱባይ ባሕር ዳር የተተከለ ሕንፃ አብዛኛውን አዲስ አበባ ቁልቁል ያያል። ልጁን ወድጄው ነበርና አብረን ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ አልተሳሳተም።

የፎቅ ብዛትን በማወዳደር አትድከሙ። እኛ «ጂ ፕላስ አራት» የምንለው ሕንፃ አምስት ወለል አለው፤ በቻይና ደግሞ የአራት ቁጥር አጠራር «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ አራተኛውን፣ አንዳንዴም ዐሥራ አራተኛውን ቁጥር ዘልለው የሚቆጥሩ ሕንፃዎች ሞልተዋል።

ያላለቀን እንዳለቀ መጻፍ የእኔም ኃጢአት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ እንዲሆን የታቀደው የጅዳ ታወር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር፣ የንድፉን ሥዕል ብቻ አይቼ ቡርጅ ኸሊፋ ዙፋኑን እንደለቀቀ አድርጌ ጽፌ ነበር። ሥራው ግን ለዓመታት ቆሞ የቀጠለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ያለው የጎልዲን ሕንፃም እ.ኤ.አ. በ2015 597 ሜትር ላይ ደርሶ ውስጡ ሳይጠናቀቅ ዓመታት አልፈውበታል። ስለዚህ «ነው»፣ «ይሆናል» እና «ታቅዷል» የሚሉትን ለያይቶ መጠቀም ግድ ነው።

የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ በዓይን አይታይም። ይህን ዳግመኛ አላርምም።

በመጨረሻ ቁጥር ማጠጋጋትን አንሥቼ ላብቃ። የስካይትሪን 634 «630 ገደማ» የሚል ሰው፣ ስድስት፣ ሦስትና አራት በጃፓንኛ «ሙ፣ ሳ፣ ሺ» ተብለው ሊነበቡ እንደሚችሉና ቁመቱ ሆን ተብሎ በአካባቢው ጥንታዊ ግዛት በሙሳሺ ስም እንደተመረጠ ሳያውቅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተውና በዋና ምሰሶዎቹ መካከል ባለው ርቀት እስከ 2022 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው የጃፓኑ አካሺ ካይክዮ ተንጠልጣይ ድልድይም «ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ» ተብሎ ይጻፋል። ርቀቱ 1,991 ሜትር ነው። ንድፉ ላይ የነበረው ግን 1,990 ነበር፤ ምሰሶዎቹ ቆመው ገና መንገዱ ሳይዘረጋ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1995 የኮቤ ከተማን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምሰሶዎቹን አንድ ሜትር በሚያህል አራራቃቸው፤ መሐንዲሶቹም የቀረውን ሥራ ለአዲሱ ርቀት አስተካክለው ድልድዩን ጨረሱት።