ዳክዬ በዶሮ ደንብ ሲያዝ፦ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በጓሮ ዳክዬ ሲረባ የሚታየው ችግር አብዛኛው የሚመጣው መኖውም፣ የውሃ ዕቃውም፣ ማደሪያውም ለዶሮ የተሰናዳ ስለሆነ ነው። በሽታ ከመጠርጠራችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ጫጩቷ መቆም አቃታት፤ ወይም እግሯ እየተጣመመ ነው
መጀመሪያ ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን (ቢ3) ጠርጥሩ። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ብዙ ኒያሲን ትፈልጋለች፤ በአንድ ኪሎ መኖ 55 ሚሊግራም ገደማ። ለዶሮ የተቀመመ መኖ ላይበቃት ይችላል። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ከሆነማ ይብሳል፣ በእህል ውስጥ ያለውን ኒያሲን ሰውነቷ አሟጥጦ አይወስደውምና። ደረቅ የቢራ እርሾ መኖው ላይ ነስንሱላት። እሱ ካልተገኘ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በውሃ የሚበጠበጥ፣ ኒያሲን ያለበት ቢ ኮምፕሌክስ ግዙ። ቶሎ ከተደረሰላት ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ትጠነክራለች፤ አጥንቷ ተጣሞ ካደገ ግን አይቃናም። ስለዚህ እስከ ነገ ልያት አትበሉ።
ወለሉንም እዩ። ጋዜጣና ፕላስቲክ ላይ እግሯ እየተንሸራተተ ይከፈታል፤ ጭድ ወይም ሻካራ ጆንያ አንጥፉ።

ዓይኗ አረፋ ይዟል፣ አፍንጫዋም ተደፍኗል
ጠባብ የዶሮ መጠጫ ምንቃሯን እንጂ ጭንቅላቷን አያስገባም። ዳክዬ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጸዳው ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። ጭንቅላቷ የሚጠልቅበት ሳፋ ወይም ባልዲ አቅርቡ። ለጫጩቶች ግን እንዳይሰጥሙ ድንጋይ ጣል አድርጉበት። ንጹህ ውሃ አግኝታም ካልተሻላት ወይም ትንፋሽ ካጠራት የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ግቢው ጭቃ ሆነ
ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ ዳክዬ የበላችውን በውሃ እያወራረደች ነው የምትውጠው፣ መኖ ያለ ውሃ ከቀረበላትም ልትታነቅ ትችላለች። ሳፋውን ከማደሪያው አርቃችሁ ጠጠር ላይ አስቀምጡ፣ የቆሸሸውን ውሃ ደግሞ ሙዙ ወይም ጌሾው ሥር ድፉት። ኩሱ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

እንቁላል ጠፋ
ዳክዬ የምትጥለው በአብዛኛው ሌሊትና ማለዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ከተለቀቀች ቁጥቋጦ ሥር ጥላ ትመጣለች። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ዘግታችሁ አቆዩአት። ላባዋን እየቀየረች ከሆነ ግን መታገስ ብቻ ነው።

የሴቶቹ አንገት ተመለጠ
ወንዶቹ በዝተዋል። ለአንድ ወንድ አራት ወይም አምስት ሴት ይበቃል። ወንዱን ጅራቱ ላይ በተጠቀለለው ላባና በጎርናና ድምፁ ትለዩታላችሁ፤ ድምፁ ሲጎረንን ጉንፋን መስሏችሁ መድኃኒት አትስጡት።

ጫጩቶች በድንገት ይሞታሉ
መኖውን አሽትቱ። ከሻገተ እህልና ፋጉሎ የሚመጣው አፍላቶክሲን ዳክዬ ላይ ከዶሮ ይልቅ ይበረታል። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎችን፣ የዳክዬ ጫጩቶችንም ጭምር የፈጀው በዚሁ መርዝ የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። የሻገተውን ጣሉት፤ ቢታጠብም ቢሰጣም መርዙ አይለቅም።